«ሆልድ ኦን» ሲሉሽ ምኑን ነው የምትይዢው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። ባለፈው ዓመት በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። በሙያዬ ሥራ እስካገኝ ብዬ አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያ አመለከትኩ። በስልክ በእንግሊዝኛ ሲያናግሩኝ መሀል ላይ «ሆልድ ኦን» አሉኝ። ምኑን ልያዝ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን አንዱንም በቅጡ አልመለስኩም። ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ ነው የምንናገረው። አማርኛን ከሰፈር ልጆች ለመድኩ። እንግሊዝኛ ግን እምቢ አለኝ። አሁን መዝገበ ቃላት ይዤ በቀን ሃያ ሃያ ቃል እየሸመደድኩ ነው። «ሲ» ላይ ደርሻለሁ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አያዋጣሽም። ትጋትሽን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ለዚህም ነው በከንቱ እንዲፈስ የማልፈልገው። መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ ነው የተደረደረው። ለሥራሽ የቱ እንደሚቀድም አያውቅም። «አባንደን»ን በመጀመሪያው ቀን ያስይዝሻል። «ዌት» ጋ እስክትደርሺ ግን ወራት ያልፋሉ። እንግዳው ደግሞ ነገ ጠዋት ይመጣል።

ደግሞ ልብ በይ፦ «ሆልድ»ንም «ኦን»ንም ድሮም ታውቂያቸዋለሽ። ያልነገሩሽ ሁለቱ አብረው ሲመጡ «ቆይ አንዴ» ማለት መሆኑን ነው። ይሄ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ተምረናል። ፎቶሲንተሲስ ምን እንደሆነ እንተነትናለን። «ቁልፉ ጠፋብኝ»፣ «ውሃ ሄዷል፣ ማታ ይመጣል» ለማለት ግን አፋችን ይያዛል። ክፍል ውስጥ ማንም ሰው ውሃ ሄዶበት አያውቅማ!

የቃል ብዛትም አያስጨንቅሽ። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 እ.ኤ.አ. «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የሚል ዝግጅት ጀምሮ ነበር። የዓለምን ዜና በ1,500 ቃላት ገደማ ረጋ አድርጎ ያነብ ነበር። ፖለቲካውም ሳይንሱም በዚያች ቃል ይነገር ነበር። አንቺ በትምህርት ቤት የሰማሻቸው ቃላት ከዚያ አያንሱም ብዬ አምናለሁ። የጎደለሽ አያያዛቸው ነው።

አማርኛን እንዴት እንደለመድሽ እስቲ አስቢው። ማንም ዝርዝር አልሰጠሽም። ከልጆች ጋር ስትጫወቺ «ተራዬ ነው»፣ «ነይ እንሂድ»፣ «አልጫወትም» ሲሉ ሰማሽ። እንዳለ አንስተሽ ተናገርሽው። ሁለተኛ ቋንቋ የመልመድ ልምዱ እጅሽ ላይ አለ። እንግሊዝኛንም በዚያው መንገድ ሂጂበት፦ ቃል ሳይሆን ሙሉ አባባል ያዢ።

አንድ ደብተር ግዢ። በግራ ገጽ፣ መቀበያ ላይ የቆመ ሰው በቀን የሚናገረውን በአማርኛ ጻፊ። በቀኝ፣ እንግሊዝኛው ያንኑ ነገር የሚልበትን መንገድ። ለምሳሌ «ምን ልታዘዝ?» ትያለሽ። ቃል በቃል ከወሰድሽው እንግዳው ግራ ይገባዋል። እነሱ «ሃው ካን አይ ሄልፕ ዩ?» ነው የሚሉት። «ስልኩን ዝጊው» ስንል እነሱ ጋ ስልክ አይዘጋም፣ «ሃንግ አፕ» ይባላል። «ፎርሙን ይሙሉልኝ» ለማለት «ፊል» ብቻ አይበቃም፣ «ፊል አውት» ነው። በቀን አምስት በቂ ነው። ዛሬ የጻፍሽውን ነገ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ ተመለሽበት። ደግሞ በዓይንሽ ብቻ አታንብቢ። ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪ፣ በስልክሽ ቅጂው፣ መልሰሽ ስሚው። ኢንተርኔት ስታገኚ የቢቢሲን «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» አውርጂ። ጽሑፉም አብሮ ስላለ መጀመሪያ ሰምተሽ፣ ያመለጠሽን ከጽሑፉ ታገኚዋለሽ።

አሁን ብዙዎች የማይነግሩሽን ልንገርሽ። በአማርኛ አክብሮታችን ግሡ ውስጥ ነው። «ይቀመጡ» ካልሽ ጨርሰሻል፣ ሌላ ማጣፈጫ አያሻውም። አፋን ኦሮሞም የራሱ የአክብሮት አነጋገር እንዳለው አንቺ ከኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። እንግሊዝኛ ግን ለሽማግሌውም ለሕፃኑም «ዩ» ነው። ስለዚህ አክብሮቱን በሌላ ቃል ይጨምሩታል፦ «ኩድ»፣ «ዉድ»፣ «ሜይ»፣ «ፕሊዝ»። በልብሽ «ይቀመጡ» እያልሽ በአፍሽ «ሲት ዳውን» ካልሽ፣ ለእንግዳው «ቁጭ በል!» ሆኖ ነው የሚደርሰው። «ፕሊዝ፣ ሀቭ ኤ ሲት» በይ። «ዌት» ብሎ ማስቆምም ይሻክራል፤ «ጀስት ኤ ሞመንት፣ ፕሊዝ» በይ። በሥነ ምግባራቸው የማውቃቸው ልጆች በዚህች ብቻ «ቁጡ ናቸው» ሲባሉ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በልባቸው የነበረው ሌላ ነው።

በስልክ ደግሞ አንድ ልማድ አለን። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን። ፊት ለፊት ስንሆን ያስማማናል። የውጭ ሰው ግን በስልክ ምንም አይሰማም፣ ወይም የደነገጥሽ ይመስለዋል። «የስ» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ።

ሰዓት ላይ በጣም ተጠንቀቂ። እኔ ሥራ እንደጀመርኩ ለአንድ የውጭ እንግዳ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ይዤ «ስሪ ኦክሎክ» አልኩት። የመጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እሱ አልተሳሳተም፣ እኔ ነኝ የአማርኛውን ሰዓት በእንግሊዝኛ የነገርኩት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ስጠብቀው ዋልኩ፤ ያን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቁርስ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከሆነ «ሰቨን ሰርቲ» ነው። ክፍል የሚለቀቀው 6 ሰዓት ከሆነ «ትዌልቭ» ነው። ሲቪሽ ላይ የተመረቅሽበትን ዓመትም በእነሱ አቆጣጠር ጻፊው፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም።

ልምምዱን ከየት ልጀምር ካልሽ፣ ከቡናው ጀምሪ። ጅማ የሚመጣ እንግዳ ስለ ቡና መጠየቁ አይቀርም፤ ዩኒቨርሲቲው ለጥናት የመጣም ይሁን ቡና ለመግዛት። አንቺ ደግሞ ቡና ማፍላት ማንም አያስተምርሽም። ስለዚህ ቤት ስታፈዪ እጅሽ የሚሠራውን አፍሽ በእንግሊዝኛ ይናገር። ስታጥቢው «አይ ዋሽ ዘ ቢንስ»፣ ስትቆዪው «አይ ሮስት ዘም»፣ ስትወቅጪው «አይ ግራይንድ ዘም»፣ ጀበናው ሲፈላ «ኢትስ ቦይሊንግ»፣ ስትቀጂ «አይ ፖር»። አቦል፣ ቶና፣ በረካን አትተርጉሚያቸው። እንዳሉ ጥሪያቸውና «ፈርስት፣ ሰከንድ፣ ሰርድ ራውንድ» ብለሽ አስረጂ። ጓደኛሽን እንግዳ አድርገሽ አስቀምጫት፣ ትጠይቅሽ። ቡናው ሲለመድ ወደ መንገድ ማሳየት ተሻገሪ። ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚፈልግ ሰው በባጃጅ ይሂድ ወይስ በምን? ከፈረንጅ አራዳ ወደ ሂርማታ ገበያ በየት ይታጠፋል? ይሄን በእንግሊዝኛ መናገር ከቻልሽ የመቀበያውን ሥራ እኩሌታ ይዘሻል።

አንድ አባባል ግን ዛሬውኑ ያዢልኝ። ኢንተርቪው ላይ ያልገባሽ ነገር ቢመጣ፣ ዝም አትበይ፣ «ዋት?» ብለሽም አትመልሺ። «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊዝ?» በይ። አሁንም ካልገባሽ «ዱ ዩ ሚን...» ብለሽ የገባሽን ያህል ደግመሽ ጠይቂ። መቀበያ ላይ የቆመ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ይህን እንደሚል ቀጣሪዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። መዝገበ ቃላቱንም አትጣዪው። ደብተሩ አጠገብ አስቀምጪው፣ የተጠራጠርሽውን ቃል ማጣሪያ ይሁንሽ። «ዲ»ን ግን አትጀምሪው።