መልስ፦ «እግርህን ስበር» ያለህ ተቀይሞህ አይደለም

ጓደኛህ ከፈተናው በፊት በእንግሊዝኛ «ብሬክ ኤ ሌግ» (እግርህን ስበር) ብሎ የላከልህ ተቀይሞህ እንደሆነ ጠይቀሃል፤ የሌሎች የእንግሊዝኛ አባባሎችንም ትርጉም እንዲሁ። ኧረ በፍጹም! «ይቅናህ» ማለቱ ነው። አባባሉ የቲያትር ሰዎች ነው። መድረክ ላይ ሊወጣ ላለ ተዋናይ መልካም ዕድል መመኘት ገድ ያበላሻል ብለው ስለሚፈሩ፣ ክፉውን ይመኙለታል። አመስግነውና ፈተናህን ተፈተን።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ ቃላቱን አንድ በአንድ አትፍታ፣ ሙሉውን ሐረግ ፈልግ። «ጆሮ ዳባ ልበስ»ንስ ለየብቻ ፈትቶ ማን ይረዳዋል?

ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ «ስፒል ዘ ቢንስ» ነው። ቃል በቃል ባቄላውን ደፋው ነው፤ ምስጢር አወጣ ለማለት ይሉታል። እኛስ «የሚያውቀውን ሁሉ ዘከዘከው» እንል የለ? ዘከዘከ እኮ እህሉን ከከረጢት አፈሰሰ ማለትም ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ተገናኙ።

«ኪክ ዘ በኬት» ላይ ግን ተጠንቀቅ። ባልዲውን በእግሩ መታ ይላል፣ ትርጉሙ ሞተ ነው። ቀልድ ስላለበት ሐዘን ላይ ላለ ሰው አይባልም። «አረፈ» ለማለት ከፈለግህ «ፓስድ አዌይ» በል።

«ፒስ ኦፍ ኬክ» «በጣም ቀላል ነው» ማለት ነው፣ «አንደር ዘ ዌዘር» ደግሞ «ትንሽ አሞኛል»።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ «ወንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን»፣ ከስንት አንዴ ማለት ነው። በፈረንጆቹ አንድ ወር ውስጥ ሙሉ ጨረቃ ሁለት ጊዜ ከወጣች ሁለተኛዋን «ብሉ ሙን» ይሏታል፤ በ2 ወይም በ3 ዓመት አንዴ ትገጥማለች። ሰማያዊ ሆና ግን አይደለም፣ ቀና ብለህ ብታያት ያችው ነጯ ጨረቃ ናት።