«ሕገ መንግሥት ለማን ነው?» ላላችሁኝ ልጆች

ልጆቼ፣

በቀደም አንዲት የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ሕገ መንግሥት ለማን ነው የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ሉዓላዊነትና ስለ ሥልጣን ክፍፍል ዘርዝሬ መለስኩላት፤ እርሷም በደብተሯ ጻፈች። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ በ1978 ዓ.ም. ክረምት፣ ከእርሷ በበለጠ ጥርት ባለ አነጋገር ሰምቼው ነበር።

በደርግ ዘመን፣ የሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ታትሞ በየቀበሌው ለውይይት የቀረበበት ጊዜ ነው። እኔ ገና አዲስ የሕግ ምሩቅ ስለነበርኩ አንቀጾቹን እያነበብኩ እንዳብራራ ተመደብኩ። ስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ የሚያገኘው ስኳር ይቀርብኛል ብሎ ስለሚሰጋ አዳራሹ ጢም ብሏል። ጃንጥላው ሁሉ በር ሥር ተደግፎ ይንጠባጠባል። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያንኮራፋም አልጠፋም። ሕዝቡን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ስለ ጋብቻ የሚናገረው ክፍል ነበር። አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት የሚለው ሲነበብ ሙስሊም አባቶች ተነሥተው ተከራከሩ፣ ሴቶቹ መለሱላቸው፣ ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። ያን ጊዜ የሕግ ትምህርቴን ወደድኩት። ሰው ስለ ሕግ እንደዚያ ሲሟገት ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ቀጥዬ ማንም ዜጋ ከሕግ ውጪ አይያዝም የሚለውን ሳነብ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኔን ልጅ በ1970 ከቤቴ የወሰዱት ሰዎች በየትኛው ቁጥር ነው የሚጠየቁት?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው «እማማ፣ ከረቂቁ አይውጡ» አላቸው።

«ሕግ አይደለም እንዴ የምታነቡልን? ከሕጉ መቼ ወጣሁ?»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አንሥቶ ነበር፤ ሰብሳቢው በዓይኑ ገሠጸው፤ መልሶ አስቀመጠው። «ቀጥል» ተባልኩ። ረቂቁን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለጥኩት። ለእኚያ ሴት የሚሆን ቁጥር አልነበረውም። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው አልተቀመጡም፤ ቆመው ሰሙኝ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ 81 በመቶ ደገፈው ተባለ። እኔን ግን ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ያ ያልተጻፈ ጥያቄ ነው።

እናንተ የሕገ መንግሥት ታሪክ ስትማሩ ዓመት ትቆጥራላችሁ። የ1923ቱን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት አረቀቁት፣ ከጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ተወሰደ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በበጎ ፈቃዳቸው ለሕዝባቸው ሰጡ፤ ፈተና ላይ ይህን ከጻፋችሁ ነጥብ ታገኛላችሁ። (እኚህ ሰው በሩሲያ የመድፈኛ መኮንንነት ተምረው፣ በኋላ ሕግ አርቅቀው፣ በመጨረሻም በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተሟገቱ ናቸው። የዛሬ ልጅ አንድ ዲግሪ ይዞ አንድ ቢሮ ከገባ ዓለም ያለቀች ይመስለዋል።) የ1948ቱ ተሻሽሎ ሲወጣ ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ነው፣ ከእርሱ የሚቃረን ሁሉ ዋጋ የለውም የሚል ቃል ገባበት። ደግ ነገር ነው። ግን በዚያው ሰነድ የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፣ ሥልጣናቸው የማይደፈር ነው። የበላይ ሕግና የማይጠየቅ ሰው በአንድ ጥራዝ! የ1979ኙ ደግሞ ንጉሡን አስወጥቶ ፓርቲውን አስገባ።

የዛሬው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። ከዚያ በአምስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 4፣ የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት በአዲስ አበባ ተከፈተ። አጋጣሚው ገረመኝ። ጥራዙን ሳገላብጥ አንቀጽ 28 ላይ ደረስኩ፦ የሰው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን በግዳጅ መሰወር፣ ማሰቃየት፤ እነዚህ በይርጋ፣ ማለት ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ አይታገዱም፣ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም። የሞት ቅጣት የተፈረደ እንደሆነ ብቻ ርእሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለውጠው ይችላል፤ በ2003 ሞት ለተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት የተደረገውም ይኸው ነው። እማማ የጠየቁኝ ቁጥር 28 ነበር። በ1978 ግን ገና አልተጻፈም።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ አንቀጽ በቁጥር አትሸምድዱ። እኔ ራሴ ከላይ በቁጥር እንዳወራሁ አውቃለሁ፤ እኔ ሸምድጄው ሳይሆን ሥራዬ ስለነበረ ነው፣ ወይም እንደዚያ እላለሁ። ከ8 እስከ 12 ያሉትን መሠረታዊ መርሆዎች ግን እየደጋገማችሁ አንብቡ። በተለይ ማንም የማይጠቅሰውን 12ኛውን፣ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ይጠየቅ የሚለውን። ከዚያ 19ኛውን፦ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ችሎት ላይ ስሠራ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ 48 ሰዓቴ አልፏል» ብሎ የሚናገር ተጠርጣሪ ባየሁ ቁጥር ከጠበቃ ሁሉ እርሱን አከብር ነበር።

ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት መሰጠቱን ዳኛ ሆኜ አልወደድኩትም፣ ዛሬም አልወደውም። በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት በሕገ መንግሥት ትርጉም ሲራዘም የባለሙያዎቹን ክርክር በቴሌቪዥን ሳይ ግን፣ ያን ያህል ሕዝብ ስለ አንቀጽ ሲነጋገር መስማቱ ራሱ ደስ አሰኝቶኛል።

ስለ 39፣ ብሔር ብሔረሰቦች እስከ መገንጠል ስላላቸው መብት፣ ብቻ የምትጨቃጨቁትን በተመለከተ፣ አንድም «ይሰረዝ» አንድም «አይነካ» ትላላችሁ፤ እንዴት እንደሚሻሻል የሚያውቅ ግን ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። አንቀጹ ያለው በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በመብቶች ክፍል ነው። ያንን ምዕራፍ ለማሻሻል የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው፤ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። አንድ ክልል እምቢ ካለ አለቀ። ይህን የማሻሻያ ሥርዓት የሚደነግገውን 105ን ሳታነቡ በስልካችሁ የምትጽፉት ጽሑፍ ሁሉ ጩኸት ነው፤ አንብባችሁ ከተቃወማችሁ ግን ከእኔ ጋርም ተከራከሩ፣ ቡናው በእኔ ነው።