በጽሑፍ ስርቆት ሕግ ላይ የጅማ መምህራን ጥያቄዎችና የሕግ መምህሩ መልሶች

መልስ ሰጪ፦ እዚህ የሚብራራው ሕጉ ነው። በክርክር ላይ ያለ ጉዳይና የሰው ስም አታንሡ።

ጥያቄ፦ የባልደረባውን ሥራ በራሱ ስም ያሳተመ መምህር በየትኛው ሕግ ይጠየቃል?

መልስ፦ የቅጂ መብትና ምሁራዊ ሥነ ምግባር የሚምታቱት እዚህ ላይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ሐሳብ፣ ዘዴ፣ ግኝትና ጥሬ መረጃ በአንቀጽ 5 ከጥበቃው ውጭ ናቸው። ስለዚህ የባልደረባውን የምርምር ሐሳብ ወስዶ በራሱ ቃላት የጻፈ መምህር በአዋጁ ባይጠየቅ እንኳ የዩኒቨርሲቲው የውስጥ መተዳደሪያ በሆነው የሴኔት ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። በአንጻሩ ደራሲው ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው መጽሐፍ ኢኮኖሚያዊ መብቱ ቢያበቃም፣ ምንጩን ሳይጠቅስ የገለበጠው ሰው ከምሁራዊ ጥፋት አያመልጥም። አቤቱታ ከመጻፋችሁ በፊት የሴኔት ሕጋችሁን አንብቡ።

ጥያቄ፦ የጽሑፍ መመሳሰልን የሚፈትሸው ሶፍትዌር፣ ተርንኢቲን፣ ስንት በመቶ ሲያሳይ ነው ስርቆት የሚባለው?

መልስ፦ መቶኛው መመሳሰልን ያሳያል፤ ፍርድ አይሰጥም። በአግባቡ የተጠቀሰ ጥቅስና የዋቢ ዝርዝርም ሊቆጠሩ ስለሚችሉ፣ ሪፖርቱን ሰው ማንበብ አለበት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ታዲያ 20 በመቶ ችግር የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አሁን መለስኩት።

ጥያቄ፦ የውጭ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ባሳትምስ?

መልስ፦ የመተርጎም መብት የደራሲው ነው። ፈቃድ ይጠይቁ፤ ምንጩንም ይጥቀሱ።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ ምንም ሳይጽፉ ስማቸው በጽሑፌ ላይ እንዲገባ ይፈልጋሉ።

አንድ ተሳታፊ፦ ርዕሱን የመረጡት እርሳቸው ከሆኑ ይገባቸዋል።

ሌላ ተሳታፊ፦ በፍጹም! ችግሩ የማዕረግ ዕድገት በጽሑፍ ብዛት መለካቱ ነው፤ እኛም የምንሻማው ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ተሳታፊ፦ ያለ ጽሑፍ በምን ሊለካ ነው? በአገልግሎት ዘመን?

መልስ፦ የዕድገት መስፈርት ሌላ ርዕስ ነው፤ ወደ ጥያቄው እንመለስ። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለደራሲነት አራት መስፈርቶችን በአንድነት ይጠይቃል፦ በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው አሰባሰብ ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ ማበርከት፤ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት መከለስ፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂነትን መቀበል። ርዕስ መስጠት ብቻውን ምስጋና ያስገኛል እንጂ ደራሲ አያደርግም። ማን ምን እንደሚሠራ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የተሰጠ ዲግሪ ሊሰረዝ ይችላል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ የጀርመኑን የመከላከያ ሚኒስትር የካርል ቴዎዶር ዙ ጉተንበርግን የዶክትሬት ዲግሪ ሰርዟል፤ ሚኒስትሩም በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን ለቀዋል። የእኛን ለማወቅ፣ ደጋግሜ እንዳልኩት፣ የሴኔት ሕጋችሁን አንብቡ።