የግቢ በር ቀለም አንድ ክረምት እንኳ ያልዘለቀው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የግቢ በራችን ባለ ሁለት ክንፍ የላሜራ በር ነው። ዓምና ግንቦት ላይ ጥቁር ቀለም አስቀባነው፤ መስከረም ሳይጠባ ልጦ መነሳት ጀመረ። ከታች በኩል ዝገት አውጥቷል። ግራና ቀኝ ያሉት ምሰሶዎችም ቀለማቸው እያበጠ ይረግፋል። ቀቢው «ቀለሙ ደካማ ነው፤ በመኪና ቀለም በኮምፕሬሰር እንርጨው» ይላል። ላስረጨው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አሁን ባለበት ሁኔታ አያስረጩት። የመኪና ቀለም ብዙውን ጊዜ የሚቀጥነው በናይትሮ ቲነር ነው፤ ናይትሮ ደግሞ ከሥር ያለውን የዘይት ቀለም ያላቅቀዋል። በላዩ ሲረጩበት በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ቆዳ ይጨማደዳል፤ ያኔ አሮጌውንም አዲሱንም አብሮ መፋቅ ነው። «ቀለሙ ደካማ ነው» የሚለውንም ቶሎ አይቀበሉ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀለሙ ሥር ነው፤ ማወቅም ይቻላል።

ከሚላጠው ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ልጣጭ በቢላ ጫፍ ያንሡና ጀርባውን ገልብጠው ይዩት። ቡናማ ዱቄት ይዞ ከመጣ ዝገቱ ሳይጠራ ተቀብቷል ማለት ነው። ጀርባው ንጹሕና ለስላሳ ሆኖ ከሥሩ የቀድሞው ቀለም እያብለጨለጨ ከታየ፣ አሮጌው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አልተሻረም፤ አዲሱ የሚይዝበት ሻካራ ነገር አጥቶ ነው የተነሣው። ሦስተኛው ዓይነት ብዙዎችን ያሳስታል፦ ከሥር ያለው ብረት ብርማ ግራጫ ሆኖ በላዩ አበባ መሰል ዝንጉርጉር ካለው ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ነው። በዘይት ቀለም ውስጥ ያለው ዘይት ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ስስ ነገር ይፈጥራል፤ ስለዚህ የትኛውንም ውድ የዘይት ቀለም ቢቀቡት ጊዜውን ጠብቆ ይላጣል። እንዲህ ያለው በር መጀመሪያ ለጋልቫናይዝድ ተብሎ የተሠራ ፕራይመር (የሥር ቀለም) ይፈልጋል። የእርስዎ በር ከታች ስለዛገ ተራ ላሜራ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ልጣጩን ሳያዩ ቀለም አይግዙ።

የታችኛው ዝገት ግን የቀቢ ብቻ ሳይሆን የበያጅም ጉዳይ ነው። ላሜራው ቱቦላሬው (የበሩ ፍሬም የሆነው ውስጡ ክፍት ብረት) ላይ የሚያያዘው ነጠብ ነጠብ በተደረገ ብየዳ ስለሆነ በነጥቦቹ መካከል ወረቀት የማያሳልፍ የሚመስል ክፍተት ይቀራል። ውኃ እዚያ ይሳባል፤ ወደ ታች ወርዶ በታችኛው ቱቦላሬ ውስጥ ይጠራቀምና ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከውጭ ስንት ጊዜ ቢቀቡት ይህን አያቆመውም። መድኃኒቱ የታችኛውን ቱቦላሬ ከሥሩ በኩል፣ በየግማሽ ሜትሩ፣ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ መብሳት ነው። ሲበሱት ቡናማ ውኃ ጠብ ካለ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው።

ከዚያ የታችኛውን 20 ሴንቲ ሜትር በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያሉ ይፈትሹ። ካቻቢቴው ጠልቆ ከገባ ያ ቦታ ቀለም ሳይሆን ቆርጦ መቀየር ያስፈልገዋል። ብየዳው ካለቀ በኋላ ቅርፊቱ ተመትቶ ይውረድ፣ በግራይንደር ይስተካከል፣ ራቁቱን የቀረው ብረት በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ይቀባ። አንድ ሌሊት ጤዛ ካገኘው እንደገና ይዝጋል።

አጠራጉ ላይ አይቸኩሉ፤ ገንዘብዎ የሚድነው እዚህ ነው። የተነሣውን በስፓቱላ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ወይም ግራይንደር ላይ በሚታሰር የሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ያጥሩ። የያዘውን አሮጌ ቀለም መንቀል አያስፈልግም፤ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጮራው እስኪጠፋ ይሻሩት፣ ጠርዙንም በጣት ሲዳሰስ ደረጃ እስከማይሰማ ያለስልሱት። በቆየ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ማስክ ያድርጉ፣ ልጆችንም ከአቧራው ያርቁ። በመጨረሻ በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በራሰ ጨርቅ ይወልውሉት። በውኃ አጥበው ወዲያው መቀባት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ስፌቱ ውስጥ የገባው ውኃ ቀለሙን ከውስጥ ይገፋዋል።

ላሜራው የተጎደጎደ ከሆነ የሚሞላው ባለ ማጠንከሪያ የመኪና ስቱኮ ነው እንጂ የግድግዳ ስቱኮ አይደለም። የግድግዳው ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ዝገት ይወልዳል። የመኪናውን ስቱኮ በራቁት ብረት ላይ ሳሳ አድርገው ይሙሉ፤ ሲደርቅ ያለ ውኃ በደረቁ ይሻሩትና አንቲረስቱን ያስከትሉ። አንቲረስት ቀድሞ ተቀብቶ ስቱኮ በላዩ ሲመጣ ግን ሥሩን ፈቶ ይነሣል። ብዙ በሮች ላይ ስቱኮው እንደ ቁርጥራጭ ቂጣ ወልቆ የሚወድቀው በዚህ ቅደም ተከተል መዛባት ነው።

ስለ መጠኑ፦ በርዎ 3.6 በ2.2 ሜትር ቢሆን የሁለቱ ገጽ ስፋት 16 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቱቦላሬውና ጠርዙ ሲታከል ወደ 19 ይደርሳል። አንድ ሊትር አንቲረስት 9 እስከ 10 ካሬ ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 4 ሊትር፣ ከላይ ለሚመጣው የዘይት ቀለም ሁለት እጅም 4 ሊትር ይበቃል። ቀቢው በ2 ሊትር እጨርሳለሁ ካለዎ ወይ አንድ እጅ ሊቀባ ነው ወይ በአኳራጅ ሊያበዛው ነው። ለብሩሽ ማቅጠኛው ከቀለሙ 10 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ሲበዛ ቀለሙ ከጠርዝና ከብየዳ ጉብታ ላይ ሸርተት ይላል፣ ዝገት ደግሞ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ለዚህ ሲባል ጠርዞችንና ብየዳዎችን አስቀድመው በትንሽ ብሩሽ፣ ቀጥሎ ሙሉውን ይቀቡ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አንቲረስት መካከል የላሜራውንና የቱቦላሬውን ስፌት ቀለም በሚቀበል ማሸጊያ ይድፈኑ። ሲሊኮን አይሆንም፤ ቀለም አይዝም። የታችኛውን ስፌት ግን አይድፈኑ፤ ለውኃው መውጫ ይተዉለት።

በእያንዳንዱ እጅ መካከል አንድ ቀን ይቆይ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቀደም ሲል ጤዛ፣ ሲመሽ ደግሞ ብርድ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ላሜራው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ጥላ እስኪዞር ይጠብቁ፤ አለዚያ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይቀርና ያብጣል። ወሩም ግንቦት ባይሆን ይሻላል፤ ከጥቅምት በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ይመረጣሉ።

መልኩን በተመለከተ፦ የሚያብለጨልጭ ጥቁር በላሜራ ላይ እያንዳንዱን ጉድጓድና ሞገድ አጉልቶ ያሳያል፣ ፀሐይም ያግለዋል። በከፊል የደበዘዘ ጥቁር ግራጫ ወይም ጥልቅ ቡናማ ስሕተትን ይደብቃል። ጦር መሰል ጫፎቹን ወርቃማ ማድረግ ከፈለጉ መብትዎ ነው፤ የተለመደው ወርቃማ ቀለም ግን ከነሐስ ዱቄት የሚሠራ በመሆኑ ዝናብ ላይ እየጠቆረ ይሄዳል፣ በየጊዜው መደገም አለበት።

ምሰሶዎቹ የተለየ በሽታ አላቸው። እብጠቱ ከመሬት እስከ ጉልበት ብቻ ከሆነ እርጥበቱ የሚወጣው ከሥር ነው፤ በዘይት ቀለም ማፈን ያባብሰዋል። ላይ ታች የሚረግፍ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በጀሶ የተሠራ የቤት ውስጥ ስቱኮ ተጠቅመው ነው፤ እሱ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሁሉም መውረድ አለበት። ሲነካ ድቡ ድቡ የሚለውን ልስን አፍርሰው፣ ከእርጥበቱ ጋር የወጣውን ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ጠርገው፣ ገጹን ውኃ አጠጥተው በአንድ እጅ ሲሚንቶና አራት እጅ አሸዋ ይለስኑ። ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ቀለም ግን ከአራት ሳምንት በፊት አይንካው። ከዚያ ለውጭ የሚሆን የኳርትዝ ቀለም ይቀቡት። የምሰሶው ራስ ላይ ከዙሪያው 5 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ክዳን ያስደርጉ፤ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ጎድ ያለ መስመር ካልተበጀለት ውኃው ተጠማዝዞ ግድግዳውን ይከተላል።

ልስኑ ከበሩ ቀለም ይቅደም። በአዲስ የዘይት ቀለም ላይ የፈነጠቀ ሲሚንቶ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ቅቡ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ክንፎች ለሁለት ቀን እንዳይነካኩ ጥቂት ገርበብ ብለው ይደሩ፤ ሌሊት መዝጋት የግድ ከሆነ በመገናኛው ላይ ፕላስቲክ ጣል አድርጉበት፣ ጠዋት ሲከፍቱት ቀለሙ ተጣብቆ እንዳይገነጠል።