ሁለት ግራፊክስ ካርድ ስገጥም ኮምፒውተሬ ለምን ይጠፋብኛል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ በገጣጠምሁት ኮምፒውተር ላይ አንድ ጂቲኤክስ 1080 ግራፊክስ ካርድ ስጠቀም ቆይቻለሁ። በቅርቡ ተመሳሳይ የሆነ ያገለገለ ካርድ ገዝቼ በሁለተኛው ስሎት ሰካሁት፤ ካርዶቹን የሚያገናኘውን ድልድይም ገጠምሁ። ዊንዶውስ ሁለቱንም ያሳየኛል፤ ሆኖም ሁለቱን የሚያጣምረው የኤስኤልአይ ምርጫ በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ አይታይም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብሌንደር በተባለው የሦስት አውታር (3ዲ) ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ሬንደር ሳደርግ፣ ማለትም ትዕይንቱን ወደ መጨረሻ ምስል ስለውጥ፣ ሁለቱም ካርዶች ሥራ እንደ ጀመሩ ኮምፒውተሩ ያለ ምንም መልእክት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ለክፍሎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ባለ 650 ዋት ነው። ሻጩ ችግሩ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ የድራይቨር ነው ስላለኝ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ብጭነውም ለውጥ የለም። ካርዱን የገዛሁት የካርዶቹ ሜሞሪ ተደምሮ 16 ጊጋባይት ይሆናል ብዬ ነበር። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገጠመዎት አንድ ችግር ሳይሆን እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ችግሮች ናቸው፤ ድራይቨሩ ላይ በከንቱ የደከሙትም ሁለቱን እንደ አንድ ስላዩአቸው ይመስለናል።

ከመጥፋቱ እንጀምር። የድራይቨር ችግር በአብዛኛው ስክሪኑን ያደርቃል፣ ፕሮግራሙን ይዘጋል ወይም ሰማያዊውን የስሕተት ገጽ ያመጣል። ኮምፒውተሩ መብራት እንደ ተቋረጠበት በቅጽበት ሲጠፋ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋልና። አንድ ጂቲኤክስ 1080 የተመደበለት ፍጆታ 180 ዋት ስለሆነ ሁለቱ 360 ዋት ይወስዳሉ፤ ለፕሮሰሰሩ 120፣ ለማዘርቦርዱ፣ ለዲስኮቹና ለፋኖቹ ደግሞ 60 ዋት ያህል ብናስብ 540 ዋት እንደርሳለን። ይህ በወረቀት ላይ ከ650 ያንሳል። ይሁን እንጂ ግራፊክስ ካርድ ለሺኛ ሰከንድ ክፍልፋዮች ከተመደበለት በላይ ኃይል የመሳብ ጠባይ አለው፤ የሁለቱ ካርዶች የኃይል ጉተታ በአንድ ቅጽበት ሲገጣጠም፣ በተለይ ዕድሜው በገፋ ፓወር ሰፕላይ ላይ፣ ያ ትርፍ በቀላሉ ያልቃል።

ጥርጣሬው እውነት መሆኑን ምንም ሳይገዙ ማረጋገጥ ይችላሉ። አፍተርበርነር በተባለው ነፃ ፕሮግራም የሁለቱንም ካርዶች የኃይል ጣሪያ ወደ 70 በመቶ ዝቅ አድርገው ያንኑ ሬንደር ይድገሙት። መጥፋቱ ከቆመ ጥፋቱ የኃይል አቅርቦቱ ነው ማለት ይቻላል። ካልቆመ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው፣ አዲሱን ካርድ ብቻውን በመጀመሪያው ስሎት ይሞክሩት፤ ብቻውንም ካጠፋው ካርዱ ራሱ የታመመ ሊሆን ይችላል። እግረ መንገድዎን ኬብሎቹን ይመልከቱ። ሁለቱን ካርዶች በአንድ ኬብል ላይ ባሉ ሁለት ጫፎች አገናኝተው ከሆነ ለእያንዳንዳቸው ከፓወር ሰፕላዩ የሚነሳ የራሳቸውን ኬብል ይስጧቸው። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል ግን ጫፉ ቢገጥምም አይሰኩ፤ የውስጥ ሽቦዎቹ አደራደር ሊለያይ ስለሚችል ዕቃ ያቃጥላል። ሙቀትን በተመለከተ የላይኛው ካርድ የታችኛውን ትኩስ አየር ስለሚስብ መጋሉ አይቀርም፤ ካርዱ ግን ሲግል አስቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንሳልና በቅጽበት ለመጥፋቱ ዋነኛ ምክንያት አድርገን አናየውም።

የኤስኤልአይ ምርጫ አለመታየቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ኤስኤልአይ እያንዳንዱ ካርድ ቢያንስ 8 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር፣ ማለትም ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት መንገድ፣ እንዲያገኝ ይጠይቃል። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለተኛው ስሎት ርዝመቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ቢሆንም በውስጡ የተዘረጉት መስመሮች 4 ብቻ ናቸው፤ የስሎቱ ቁመት ስንቱን ገጣጣሚ እንዳሳሳተ እኛም በዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ጥያቄዎች እናውቃለን። ጂፒዩ ዚ የተባለውን ፕሮግራም ከፍተው ሁለተኛውን ካርድ ሲመርጡ የመስመሮቹን ቁጥር ያሳይዎታል። 4 ካነበቡ ድራይቨር መለዋወጡ ምንም አይፈይድም። 8 ካነበቡ ማዘርቦርዱ ኤስኤልአይ የተፈቀደለት መሆኑን በመመሪያው ያረጋግጡ፤ ድልድዩንም ነቅለው እንደገና አጥብቀው ይስኩት።

እኛ ግን፣ ቅር እንዳይሰኙብን እንጂ፣ ምርጫውን መፈለጉን እንዲተዉት እንመክራለን። ኤንቪዲያ ከ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ለእርስዎ ዓይነት ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (አንድ ጨዋታ ሁለቱን ካርዶች እንዴት እንደሚጠቀም የሚወስን ቅንብር) ማዘጋጀት አቁሟል፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የወጡ ጨዋታዎች በአብዛኛው ሁለተኛውን ካርድ አይጠቀሙበትም። ብሌንደር ደግሞ ከነጭራሹ ኤስኤልአይ አያስፈልገውም። በሲስተም ቅንብሩ ውስጥ ሳይክልስ ለተባለው የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ ሁለቱንም ካርዶች ምልክት ካደረጉ ድልድይ ሳይኖር ሥራውን ይከፋፈላሉ፤ የመስመሩ ቁጥር 4 መሆኑም ለሬንደር ያን ያህል አይጎዳም።

ሜሞሪው ግን አይደመርም። እያንዳንዱ ካርድ የትዕይንቱን ሙሉ ቅጂ በራሱ ሜሞሪ ስለሚይዝ በእጅዎ ያለው 8 ጊጋባይት ነው። ሥራዎ በ8 ጊጋባይት የሚበቃ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን በ850 ዋት ይቀይሩና ሁለቱንም ይጠቀሙባቸው፤ የማይበቃ ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላይ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱን ሸጠው ሜሞሪው ሰፋ ያለ አንድ ካርድ ቢገዙ ይሻላል።