የንግግር ሕክምና ጀምሬ ባሰብኝ፤ እግዚአብሔር አልፈቀደውም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለረጅም ጊዜ በጭንቀት የምሠቃይ ክርስቲያን ነኝ። ሌሊት ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ክፉ ወሬ ነው እላለሁ። ብዙ አመንትቼ፣ ወረፋም ጠብቄ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የንግግር ሕክምና ጀመርኩ። እንዳሰብኩት ግን አልሆነም። ባለሙያዋ ፎርም አስሞላችኝ፣ ጥያቄ ደረደረችብኝ። ገና እንባዬ ሲመጣ ሰዓታችን አልቋል አለችኝ። ጭራሽ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ቤቴ ስመለስ ብሶብኝ አደርኩ። አብረን የምንጸልይ እህት «ጸሎት እያለ ሰው ፊት ምን አስኬደሽ? እግዚአብሔር እየመለሰሽ ነው» አለችኝ። እውነት ምልክት ነው? ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ጓደኛሽ ካለችው ልጀምር። ከሕክምናው ይልቅ የከበደሽ እሱ ይመስለኛል።

ምልክት አይደለም። ጅማሬው የከበደ ነገር ሁሉ እግዚአብሔር ያልፈቀደው ቢሆን ኖሮ፣ ሙሴ ገና ከፈርዖን ፊት ሲወጣ ወደ በጎቹ በተመለሰ ነበር። ዘጸአት ምዕራፍ 5ን አንብቢው። ሙሴ የሄደው ተልኮ ነው። ግን የሕዝቡ ሥራ ወዲያው ከበደ። ገለባ ሳይሰጣቸው የበፊቱን ያህል ጡብ እንዲሠሩ ታዘዙ። አለቆቻቸው ሙሴን ወቀሱት። እሱም ጌታን «ለምን ላክኸኝ?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን መንገዱ ትክክለኛው መንገድ ነበር።

«ጸሎት እያለ» ለሚለው ደግሞ፣ ጸሎትንና ሕክምናን ማን አጣላቸው? መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን፣ ማለትም ሐኪምን፣ አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ስትታመም ጸልይ ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ለባለ መድኃኒቱም ቦታ ስጠው ይላል። «ሰው ፊት ምን አስኬደሽ» ለሚለው ቅዱስ ጳውሎስ ይመልስልሽ። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 መቄዶንያ በደረሰ ጊዜ ሥጋው ዕረፍት እንዳጣ፣ በውጭ ጠብ በውስጥ ፍርሃት እንደነበረበት ይናገራል። እግዚአብሔር በምን አጽናናው? በቲቶ መምጣት። ሰው ላከለት። «በአንዳች አትጨነቁ» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውም ይኸው ሐዋርያ ነው። ስለዚህ ይህን ቃል የእምነትሽን ጉድለት መክሰሻ አድርጎ የሚጠቅስብሽ ሰው ካለ፣ የጻፈውን ሰው አላወቀውም።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። ከምእመናን ጋር ስለዚህ ጉዳይ ስነጋገር፣ ቅር የተሰኙት አብዛኞቹ ያልጠበቁት ነገር ስለገጠማቸው ነው። ሆዳቸውን ዘርግፈው ቀለል ብሏቸው የሚወጡ መስሏቸው ይገባሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ግን በአብዛኛው መተዋወቂያና መመርመሪያ ናቸው። የሞላሽው ፎርም ለጭንቀት በብዛት ከሚሠራበት ባለ 7 ጥያቄ መጠይቅ ጋር ይመሳሰል ይሆናል። ያ መጠይቅ ስላለፉት 2 ሳምንታት ይጠይቃል፣ ውጤቱም ከ0 እስከ 21 ነው። በየጊዜው ስለሚሞላ ለውጥ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። አንቺን ወደ ቁጥር ለመቀየር አይደለም።

የቤት ሥራውም ቢሆን ከሕክምናው ውጭ የተጨመረ ሸክም አይደለም። ለጭንቀት በሰፊው የሚሰጠው ሲቢቲ የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው። ሐሳብሽን፣ ስሜትሽንና ድርጊትሽን አያይዞ ያያል። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይደርሳል። አንዱ ቀጠሮ አንድ ሰዓት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሳምንቱ ደግሞ 168 ሰዓት አለው። የተማርሽውን የምትሞክሪው በዚያ በቀረው ጊዜ ነው።

ለምን ባሰብኝ ላልሽው፣ ጭንቀት መሸሻችንን ይወዳል። በሸሸን ቁጥር ለጊዜው ቀለል ይለናል፤ ፍርሃቱ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። ሕክምናው ደግሞ የሸሸሽውን እንድታዪው ይጠይቅሻል። ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ መረበሽ ያለ ነገር ነው። ይህ ማለት ግን ማንኛውም መባስ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሳምንታት አልፈው ምንም የማይሻሻል ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ እየወረድሽ ከሄድሽ፣ ዝም አትበዪ።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የቤተ ሳይዳን ዕውር አስቢው። ጌታ እጁን ጫነበትና «አንዳች ታያለህን?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ምን አለ? «ሰዎች እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ።» በይሉኝታ «አዎ ጌታዬ፣ ደህና አያለሁ» አላለም። ፊቱ የቆመው መድኃኔ ዓለም ነው፤ እሱ ግን ገና አልጠራልኝም አለ። ጌታም አልተቆጣውም፣ እምነት የለህም አላለውም። ዳግመኛ እጁን ጫነበት፣ ጥርት አድርጎም አየ።

እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ግን እንዴት ነሽ ስንባል ነገር ሁሉ በ«ተመስገን» ይዘጋል። ማመስገኑ መልካም ነው። ሐኪም ፊት ሲሆን ግን በሽታን መሸፈኛ አይሁን።

እናም በሚቀጥለው ቀጠሮሽ፣ ገና ስትገቢ፣ «ባለፈው ከዚህ ስወጣ ብሶብኝ ነበር» በያት። እያለቀስሁ ሰዓት አልቋል ስትዪኝ የተጣልሁ ያህል ተሰማኝ በያት። መናገር ከከበደሽ በወረቀት ጽፈሽ ስጫት። በእኔ ግምት ሰዓቱን ማክበሯ ጥፋት አይደለም፤ ሊያልቅ ሲል ቀደም ብላ ብታስታውስሽ ግን ምን ነበረበት? ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው። በሐኪሟና በታካሚዋ መካከል ያለው መተማመን ለሕክምናው ውጤት ትልቅ ድርሻ እንዳለው በጥናት በተደጋጋሚ ታይቷል።

አቀባበሏም ብዙ ይነግርሻል። አዳምጣ አካሄዷን ካስተካከለች ጥቂት ቀጠሮ ታገሺያት። ከተከላከለች፣ ካቃለለችሽ፣ በእምነትሽ ካፌዘች ግን ሌላ ባለሙያ ፈልጊ። ሐኪም መቀየር ሕክምና ማቋረጥ አይደለም። የግድ የእምነትሽ ተከታይ መሆን የለባትም። ግን አማኝ እንደሆንሽ፣ እንደምትጸልዪና እንደምትጾሚ ንገሪያት። የትንፋሽ ልምምድ ካሰራችሽ አትደንግጪ፤ የሰውነት ማርገቢያ ነው። ከፈለግሽ በየትንፋሹ «አቤቱ ማረኝ» በዪ።

ስለ ንስሐ አባትሽ አንድ ነገር ልጨምር፤ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ይጠቅምሻል። የንስሐ አባትሽና ባለሙያዋ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስዱም። እሷ ከኃጢአት አትፈታሽም። እሳቸውም የሐሳብን ልማድ በየሳምንቱ እየተከታተሉ እንዲያስተካክሉልሽ አትጠብቂ። በጭንቀት የሚሠቃዩ ሰዎች አንድ የተናዘዙትን ነገር «በደንብ አልተናዘዝሁት ይሆን?» እያሉ ደጋግመው ሲመላለሱበት አይቻለሁ። ያ ንስሐ አይደለም፣ ሕመሙ ነው ንስሐ መስሎ የሚመጣው። እንደዚህ የምትሆኚ ከሆነ ለአባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ወሰን ያበጁልሻል። ጸሎትሽም እንዲሁ ነው። ሌሊቱ በከበደሽ ጊዜ ዳዊቱን ካልጨረስኩ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ።

ሐኪም መድኃኒት ያዘዘልሽ ከሆነ ጸበል እጠመቃለሁ ብለሽ በራስሽ አታቋርጪው። ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ለሚቀርብሽ ሰው ንገሪ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂጂ።

ጓደኛሽን አትቀየሚያት። ስለምትወድሽ ነው የተናገረችው። ከሕክምናው ጋር መጣላቷን ትታ የቀጠሮሽ ዕለት እንድትጸልይልሽ ጠይቂያት። ካልሆነላትም ስለ ሕክምናው ለሷ መንገር የለብሽም።