መልስ፦ «ዘ ጃንግል» ስለ ሥጋ ነው ወይስ ስለ ስደተኛ?

ወንድሜ፣ የአሜሪካዊው ደራሲ የአፕተን ሲንክሌር ልብ ወለድ «ዘ ጃንግል» ስለ ቆሻሻ ሥጋ ነው ወይስ ስለ ስደተኛ ብለህ ለጠየቅከው፦ ስለ ስደተኛ ነው። ሥጋው ገንኖ የወጣው አንባቢው ለገዛ ሆዱ ስለደነገጠ ነው። ራሱ ሲንክሌርም የሕዝቡን ልብ አልሜ ሳላስበው ሆዱን መታሁት ብሏል።

ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1904 ቺካጎ ሄዶ ሰባት ሳምንት ያህል በቄራዎቹ ሠፈር ሰንብቷል። መጽሐፉ በ1906 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የሥጋ ቁጥጥር ሕግ ተፈረመ። ለሠራተኛውስ? ምንም።

ታሪኩን ተመልከተው እስቲ። ባለታሪኩ፣ ከሊቱዌኒያ መጥቶ ቄራ የተቀጠረው ዩርጊስ፣ ችግር በመጣ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ የበለጠ እሠራለሁ። ቤተሰቡ 300 ዶላር ቀብድ ከፍሎ በወር 12 ዶላር የሚከፈልበት ቤት ይገዛል። ወለድ እንዳለበት የሚሰሙት ከገቡ በኋላ ነው፣ ያውም ከጎረቤት አሮጊት! ሽማግሌው አባቱ ደግሞ ከደመወዙ ሲሶውን ላስቀጠረው ሰው እየገበረ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ የሚቆምበት ኬሚካል አዲሱን ቦት ጫማ በልቶ ይጨርስና እግሩን ያቆስለዋል።

እኔን የያዘኝ ግን መክፈቻው ላይ ያለው ሰርግ ነው። በአገራቸው ወግ ተጋባዡ ለድግሱ ገንዘብ ማዋጣት አለበት፤ እዚህ ግን ብዙው በልቶ ጠጥቶ ሹልክ ይላል። ሙሽሮቹ ኑሯቸውን በዕዳ ይጀምራሉ። ሰርግ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ያለ አስረጂ ይገባዋል።

መጨረሻው ላይ የሶሻሊዝም ስብከት ይበዛበታል፤ እዚያ ቢሰለችህ አልፈርድብህም።